የናፍጣ ባቡር ሞዴል ለድሬ ቤት፦ ቪ 200፣ ዴልቲክ ወይስ ኤስዲ 40-2?

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲላችሁ የባቡር ሞዴል ልታስመጡ ካሰባችሁ፣ ብዙ ስም ከሚጠራላቸው ሦስቱን ላወዳድርላችሁ። የጀርመኑ ቪ 200፣ የእንግሊዙ ዴልቲክና የአሜሪካው ኤስዲ 40-2 ናቸው።

ሞዴሎቹ ውስጥ ያለው ያው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ልዩነቱ ያለው በእውነተኞቹ ባቡሮች ነው። እኔን የሚማርከኝ ዴልቲክ ነው። ኔፒየር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራው ሞተሩ መጀመሪያ የተሠራው ለፈጣን የጦር ጀልባ ነበር። ሲሊንደሮቹ በሦስት ማዕዘን ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። 18 ሲሊንደር፣ 36 ፒስተን! ባቡሩ ደግሞ እንዲህ ያለ ሞተር ሁለት ይይዛል፤ በድምሩ 3300 የፈረስ ጉልበት። የተሠሩት 22 ብቻ ናቸው። ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከለንደን ወደ ኤዲንብራ መንገደኛ ሲያመላልሱ፣ ድምፃቸው ከሩቅ ይለይ ነበር። ስለዚህ ዴልቲክን ያለ ድምፅ አትግዙ። ድምፁ ግን ዲጂታል መቆጣጠሪያ ይፈልጋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ቪ 200 የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። እሱም ሁለት ሞተር አለው፤ ግን ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በዘይት በሚሠራ ሃይድሮሊክ ማስተላለፊያ ነው። ኤስዲ 40-2 የጭነት ባቡር ነው፦ ባለ 16 ሲሊንደር፣ ባለ ተርቦ፣ 3000 የፈረስ ጉልበት። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 4000 ገደማ ተሠርቷል።

አሁን ወደ ጠረጴዛችን እንምጣ። ቪ 200 በ1:87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ፣ ሲሠራ ርዝመቱ 21 ሴንቲሜትር ነው። አራት አክስል (የጎማ ዘንግ) ብቻ ስላለው 36 ሴንቲሜትር ራዲየስ ባለው ጠባብ ኩርባ ይዞራል። ኤስዲ 40-2 ባለ ስድስት አክስል ነው፤ 24 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ 55 ሴንቲሜትር ራዲየስ ቢያገኝ ይመቸዋል። ያ ማለት ከ1 ሜትር ከ20 የማያንስ ጠረጴዛ ነው። ዴልቲክ በእንግሊዞች ልማድ በ1:76 ይሠራል። የሚሄደው ግን እንደ ሌሎቹ በ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከጎናቸው ሲቆም ገዝፎ ይታያል። ከጀርመን ፉርጎ ጋር አትቀጥሉት፣ አያምርም።

የድሮው የድሬ ባቡር ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት ነበረው፤ አዲሱ የኤሌክትሪኩ ግን 1435 ሚሊሜትር ነው። ሦስቱም ሞዴሎች የሰፊው ሐዲድ ልጆች ናቸው። ከዚራ ጣቢያ ያየነውን ዓይነት የሚፈልግ ሰው በ1:87 የ12 ሚሊሜትር ሐዲድ፣ ትልቅ ከወደደ ደግሞ በ1:22.5 የ45 ሚሊሜትር ሐዲድ ይፈልግ።

ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። ቪ 200 በሁለት ዓይነት ይሸጣል፦ ባለ ሦስት ሐዲድና ባለ ሁለት ሐዲድ። የጀርመኑ ሞዴል ሠሪ የሜርክሊን ባለ ሦስት ሐዲድ ሲስተም በተለመደው የሁለት ሐዲድ ዲሲ (ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት) ላይ አይሠራም። የአሜሪካ ትራንስፎርመር ደግሞ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ነው፤ በእኛ 220 ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል። አቧራውም አይረሳ፦ ሐዲዱን በአልኮል ጥረጉ፣ ሞዴሉን ሸፍኑት። በሙቀት ወቅት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ለጀማሪ የምመርጠው ቪ 200ን ነው። ለዘመዳችሁ በደንብ ጻፉለት፦ «1:87፣ ሁለት ሐዲድ፣ ዲሲ»። ሰፊ ክፍል ያለውና ረጅም የጭነት ባቡር መጎተት የሚወድ ኤስዲ 40-2ን ይውሰድ። ዴልቲክ ለድምፅ መክፈል ለማይሰስት ነው።