የእህቴ የሜዲኬይድ ካርድ፦ ቨርጂኒያ ላይ ያየሁት

እህቴ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት የሚከፍለው የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ) ከጀመረች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። ፎርሙን የምሞላላት እኔ ስለሆንኩ ጥሩውንም ክፉውንም በቅርብ አይቼዋለሁ።

ከጥርስ ልጀምር። በዲቪ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ስትመጣ በአንድ ወገን ብቻ ነበር የምታኝከው። ቆሎ ሲቀርብ እፍኝ ዘግና ለልጆች ታድላለች እንጂ አፏ አታስገባም። ቨርጂኒያ ለአዋቂዎች ሙሉ የጥርስ ሕክምና የጨመረችው በጁላይ 2021 ነው፤ ከዚያ በፊት ለአብዛኛው አዋቂ ከድንገተኛ ነቀላ ብዙም አያልፍም ነበር። የታመሙት ተነቀሉላት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላት፣ ከኪሷ ሳንቲም አልወጣም። ባለፈው ፋሲካ ቆሎውን ስትቆረጥም ሳያት እንባዬ መጣ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ድሮ እዚህ ግሪን ካርድ ይዞ 5 ዓመት መቆየት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ የ10 ዓመት ያህል የሥራ ታሪክም ይጠየቅ ነበር። ይሄ የቀረው በኤፕሪል 2021 ነው። እህቴ ቤት ሆና ልጆች ስታሳድግ ነው የኖረችው፣ የሚሠራው ባሏ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያ ደንብ ባይነሳ 5 ዓመቷን ጨርሳም ገና ትጠብቅ ነበር። ግዛቱ አንድ መስመር ሲቀይር የሰው ኑሮ እንዲህ ይቀየራል። ዳላስ ያለው የአጎታችን ልጅ ገቢው በጣም ትንሽ ነው፣ ልጅ የለውም፣ ቴክሳስ ደግሞ ፕሮግራሙን እንደሱ ላሉ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዋቂዎች ስላላሰፋች ምንም አያገኝም። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ አስፍታለች።

አሁን ወደ መጥፎው። እድሳቱ! ሜዲኬይዱ እንዲቀጥል በየጊዜው ፎርም ሞልቶ አሁንም ብቁ መሆንን ማሳየት ማለት ነው። ቤት ቀይረው አድራሻውን ሳናሳውቅ የእድሳት ደብዳቤው አሮጌው ቤት ሄዶ ቀረ። አንድ ቀን ከፋርማሲ ደወለችልኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ ካርዱ አይሠራም ይሉኛል፣ የግፊቴ መድኃኒት አልቋል።» ገቢዋ አልጨመረም፣ የጎደለው አንድ ወረቀት ነው። ደግነቱ ከተቋረጠ በ90 ቀን ውስጥ የእድሳቱን ፎርም ካስገባችሁ እንደ አዲስ ማመልከት አያስፈልግም። ፔይ ስታብ (የደመወዝ ወረቀት) አያይዘን ላክን፣ ተመለሰላት። ስልኩ ላይ የጠበቅነው ሰዓት ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ለሕክምናው 5 ኮከብ፣ ለእድሳቱ 2።

የሚያሳስበኝ የሚመጣው ነው። በጁላይ 2025 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ በማስፋፊያው የገቡ አዋቂዎች ከ2027 ጀምሮ በየ6 ወሩ ያድሳሉ፣ ብዙዎቹም በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም መማራቸውን ማስረዳት አለባቸው (ዕድሜው 13 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ አይጠየቅም)። አርካንሳስ በ2018 ይህን የሥራ ግዴታ ስትሞክር በጥቂት ወራት 18 ሺህ ያህል ሰው ኢንሹራንሱን አጥቷል፣ ከነሱ ውስጥ ሥራ ላይ የነበሩ ብዙ ናቸው። ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ደግሞ አሳይለም (ጥገኝነት) ያገኙና በስደተኛነት (ረፊውጂ) ፕሮግራም የገቡ አብዛኞቹ አዋቂዎች፣ ግሪን ካርድ ካልያዙ፣ ከፌዴራሉ ሜዲኬይድ ይወጣሉ። አሳይለም ካገኛችሁ ዓመት ካለፈና ግሪን ካርዱን ገና ካላመለከታችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። አድራሻችሁንም ቤት በቀየራችሁበት ሳምንት አሳውቁ። እኛ የእህቴን የእድሳት ቀን በትልቁ ጽፈን ፍሪጅ ላይ ለጥፈነዋል፤ ትልቁ ልጇ ፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ ያያል።