ዛንቴት ወይስ ዳይታዮፎስፌት? የመዳብ ማዕድን ማንሳፈፊያ ለሚገዙ

ደብረ ብርሃን በሚገኝ የማዕድን ቤተ ሙከራ ስለምሠራ፣ የመዳብ ሰልፋይድን (ከድኝ ጋር የተዋሐደ የመዳብ ማዕድን) በአረፋ ለማንሳፈፍ የትኛው ሰብሳቢ ኬሚካል (የመዳቡን ቅንጣት ከአረፋው ጋር እንዲጣበቅ የሚያደርገው)፣ ደረቁ ዛንቴት ወይስ ፈሳሹ ዳይታዮፎስፌት፣ እንደሚሻል የሙያ ጓደኞቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ዛንቴት በእርጥበት ስለሚበላሽ፣ በጥቂቱ ገዝቶ ክረምቱን በመጋዘን ለሚያከርም ሰው ፈሳሹን ዳይታዮፎስፌት እመርጣለሁ።

በኪሎ ዋጋ ብቻ የሚያወዳድር ገዢ ዛንቴትን ይወስዳል፤ እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። ከበርሜሉ ወጥቶ በላስቲክ ከረጢት የተሞላውንና የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበትን ዛንቴት በርካሽ ገዛሁ፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲያልፉ ግን እርጥበት ገብቶበት ተጓጉሎ ነበር። ከረጢቱ ሲፈታ የበሰበሰ ጎመን የመሰለ ሽታ ወጣ፤ ይህም ዛንቴት ሲፈርስ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይሰልፋይድ፣ መርዛማና በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነው። የተረፈውን በውኃ ብናሟሟውም ቅባታማ ዝቃጭ ተወ፤ መጠኑን ብንጨምርም መዳቡ ከአረፋው ጋር መውጣቱን ትቶ ከታች ቀረ፣ የአንድ ሳምንት ሙከራም ተጣለ።

ስለዚህ ሒሳቡን በኪሎ ሳይሆን በቶን ማዕድን ይሥሩት። ለ1 ቶን 30 ግራም ቢያስፈልግ፣ 1 ኪሎ ከ33 ቶን በላይ ያነሣል፤ በቤተ ሙከራ ደግሞ ለ1 ኪሎ ናሙና የ1 በመቶ ሙሙት (በውኃ የሟሟ ሰብሳቢ) 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ይህን ያህል ጥቂት ለሚፈጅ ሰው ግማሹ የተበላሸበት ዛንቴት እውነተኛ ዋጋው እጥፍ ነው።

ፓይራይት (ብረትና ድኝ ያለበት፣ እዚህ የማይፈለግ ማዕድን) የበዛበት ማዕድን ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል። ዛንቴት፣ በተለይም አሚል ዛንቴት የተባለው ኃይለኛ ዓይነት፣ ፓይራይቱንም አብሮ ስለሚያነሣ በኖራ ፒኤቹን (የአሲድና የቤዝ መለኪያውን) ወደ 11 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዳይታዮፎስፌት ግን ፓይራይቱን ይበልጥ ስለሚተው ከዚያ ባነሰ ኖራ ይሠራል። በለሚ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ሞልቶ ሳለ ስለ ኖራ ለምን እንቆጥባለን የሚሉኝ አሉ፤ ሆኖም ኖራ ሲበዛ ከመዳቡ ጋር ያለውን ወርቅ እንዳይንሳፈፍ ያፍነዋል፣ ይህ ኪሳራ ደግሞ ከኖራው ዋጋ ይበልጣል።

አንዳንዱ ዳይታዮፎስፌት ራሱ አረፋ ስለሚፈጥር አረፋ ለመፍጠር የሚጨመረውን የጥድ ዘይት መቀነስ ይገባል። እንደ ማላካይት ላለ፣ ሰልፋይድ ላልሆነ የመዳብ ማዕድን ግን፣ አስቀድሞ በሶዲየም ሰልፋይድ ካልታከመ፣ ሁለቱም እምብዛም አይረዱም።

በርሜሉን በጥቂት ሳምንት የሚጨርስ ፋብሪካ ዛንቴት ቢገዛ አልቃወምም፤ እሽጉ ያልተነካ፣ ቀኑ የተጻፈ፣ ፈዛዛ ቢጫና ደረቅ መሆኑን አይቶ፣ ሙሙቱንም ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ያዘጋጅ።