«ሞተሩ ወርዶ አዲስ ተሠርቷል» የሚባል ቮልስ ልትገዙ ነው?

ደብረ ብርሃንና አካባቢው አሮጌ ቮልስ ፍለጋ የምትዞሩ ሰዎች፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ታናሽ ወንድሜ «ሞተሩ ወርዶ አዲስ ተሠርቷል» የተባለ ቮልስ ገዛ። መኪናው አሁን ግቢያችን ውስጥ ያለ ሞተር ቆሟል። ሻጩንም ጋራዡንም በስም አልጠራም። ዘዴያቸውን ግን እነግራችኋለሁ።

ሻጩ የቀጠረው በማለዳ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሞተሩ ተወልውሎ ብርማ ቀለም ተቀብቷል። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ተነሳ፤ የዘይት መብራቱም ቶሎ ጠፋ። «ገና አልተፍታታም፣ ለጊዜው ቀስ እያልክ ንዳው» ተባለ። ከተማ ውስጥ አንዴ ዞሩበትና ውል ተፈረመ።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ተመለሰ። ሲመለስ ደብረ ሲና ላይ ለሻይ ቆመ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ እያለ የዘይት መብራቱ በራ። ነዳጅ ሲሰጠው ጠፋ። እሱም ቀላል ነገር መስሎት ዳገቱን ጀመረ። ጣርማ በር ዋሻ ሳይደርስ ከኋላ ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው በሌላ መኪና ተጎትቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘይት ፓምፕ ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊቱን ብቻውን አይፈጥርም። ግፊት የሚኖረው ዘይቱ በክራንክ ሻፍት (በሞተሩ ዋና ዘንግ) እና ዘንጉ በሚዞርበት ማቀፊያ፣ በብሮንዝ፣ መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ተጨንቆ ሲያልፍ ነው። ብሮንዙ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ እንደልቡ ይፈስሳል፣ ግፊቱም ይወድቃል። ዘይት ግን ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ወፍራም ዘይት በሰፊ ክፍተትም ቶሎ ስለማያልፍ ችግሩ ይደበቃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። ቆላ ወርዶ ዳገት የወጣ ሞተር ዘይቱ ይቀጥናል፣ ያኔ እውነቱ ይወጣል። በኅዳር ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ግን የሞተም ሞተር ጤነኛ ይመስላል።

መብራቱንም አትመኑ። የቮልስ የዘይት መብራት የሚጠፋው ግፊቱ ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ሲደርስ ነው። ጤነኛ ሞተር ግን ዘይቱ ሞቆ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር ቢያንስ ወደ 2 ባር የሚጠጋ ሊኖረው ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ እዩት። መብራት ጠፋ ማለት ሞተሩ ገና አልሞተም ማለት ብቻ ነው። የመብራቱን ሽቦ ነቅለው መኪናውን የሚሸጡም አሉ። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፤ የዘይት መብራቱ መብራት አለበት። ከቻርጅ መብራቱ ጋር አገናኝተውት ሊሆን ስለሚችል ሞተሩ ላይ ካለው የዘይት ግፊት ስዊች ሽቦውን ንቀሉና እንደገና ክፈቱ። ሽቦው ተነቅሎም ከበራ የሆነ ሰው እጁን አስገብቶበታል።

«ሞተሩ ወርዷል» የሚለው ቃልም ብዙ አያስደንቅ። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። የለመደ መካኒክ በአጭር ጊዜ ያወርደዋል። መጠየቅ ያለበት ከወረደ በኋላ ምን ተደረገ የሚለው ነው። የወንድሜን ስንከፍተው የተቀየረው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ብቻ ነበር። የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዞቹ ተልጠው መዳባቸው ወጥቷል። ዘይቱ ደግሞ የካምቢዮ ዘይት ተደባልቆበት እንደ ማር ይሳባል።

ሁለተኛው ኪሳራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መብራቱ በርቶባችሁ ጋራዥ ስትሄዱ ሳይለካ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል መካኒክ ይገጥማችኋል። እኛንም ገጥሞናል። አንዳንዴ ችግሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ የዘይት መለኪያ ዘንጓን መዝዛችሁ አሽትቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ የቤንዚን ፓምፑ ውስጠኛ ስስ ሽፋን ተቀድዶ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ይችላል። ይሄ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ስለሆነ ትንሽ ጉድለትም ይጎዳዋል። ቀጥሎ ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ያለውን ስዊች አስፈትታችሁ በቦታው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አስገጥሙ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በቁጥር ይታይ። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ከሥር ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ቆሻሻ ይዞት ተከፍቶ ቀርቶ እንደሆነ ይፈተሽ። ከዚያ የዘይት ፓምፑ ክዳን ይታይ፤ ጥርሶቹ ቦይ ከቆፈሩበት ዘይት እዚያው ይመለሳል። እነዚህ ሁሉ ሞተር ሳይከፈት የሚሠሩ ናቸው።

ስትገዙም ስትጠግኑም የምትሠራ አንዲት ፍተሻ አለች፣ ገንዘብ አትጠይቅም። ሞተሩን አጥፉ። ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሊ ጨብጣችሁ ወደ እናንተ ሳቡት፣ መልሳችሁ ግፉት። የሚፈቀደው መላወስ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ መጨረሻው 0.15። ይሄ በእጅ የሚሰማ አይደለም። ቋ ካለ ጨዋታው አልቋል፣ መኪናዋን ለባለቤቷ ትታችሁ ሂዱ።

እውነት ሞተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ክራንክ ሻፍቱ በማይክሮሜትር ተለክቶ ቁጥሩ ይጻፍላችሁ። ከተሞረደ ከመጀመሪያው ልኩ በ0.25፣ በ0.50 ወይም በ0.75 ሚሊ ሜትር ነው የሚወርደው። አዲሱ ብሮንዝ ጀርባው ላይ ያው ቁጥር ተመትቶበታል፤ ራሳችሁ ገልብጣችሁ እዩ። የሞተሩ አካል ከማግኒዝየም ቅይጥ ስለሆነ የብሮንዝ መቀመጫው በጊዜ ብዛት ክብነቱን ያጣል። ካልተለካ አዲስ ብሮንዝም ብትገዙ ዋጋ የለውም። ከሞረዳ በኋላ የዘይት ቀዳዳዎቹ በደንብ ካልታጠቡ የብረት ብናኙ አዲሱን ብሮንዝ ይበላዋል። አሮጌውንም ዕቃ በፌስታል አስቋጥራችሁ ውሰዱ። የማይሰጥ ጋራዥ ያልቀየረው ነገር አለ።

ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የምትል መስመር ካለች፣ «ሞተሩ ተሠርቷል» የተባለውም፣ ምኑ እንደተቀየረም አብሮ ይጻፍ። ሻጩ ከልቡ ከሆነ አይከፋውም። የሙከራው ጉዞ በቀትር ይሁን፤ ቢቻል እስከ ደብረ ሲና ወርዳችሁ ዳገቱን መልሱት። ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ በሚኒሞ አቁሙትና መብራቱን እዩ። ሻጩ «በማለዳ ብቻ ነው የሚመቸኝ» ካላችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።

የወንድሜ ክራንክ ሻፍት ወደ 0.50 ተሞርዶ ይድናል ተብሏል። የቀረን የዘይት ፓምፕ ነው። ክዳኑ ያልተበላ ያለው ወይም የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ከሥር ይጻፍልኝ።