የእጅ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር በደብረ ብርሃን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ይህን በእጅ የሚያዝ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሚለካ መሣሪያ፤ ውኃው ንጹሕ በሆነ ቁጥር ንባቡ ዝቅ ይላል) ደብረ ብርሃን ባለ አንድ አነስተኛ የማስተማሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ክረምቱንም በጋውንም ስሠራበት ቆይቻለሁ። የገዛሁት በራሴ ገንዘብ ሲሆን፣ ዋና ሥራውም የምናዘጋጀው ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) እና ዲአዮናይዝድ (የሟሙ ጨዎቹ የተወገዱለት) ውኃ ለኬሚካል መበጥበጫ የሚበቃ መሆን አለመሆኑን መለየት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን ከዚህ ያልፋል፤ መሣሪያው ለቦይለር፣ ለመድኃኒት ፋብሪካ፣ አልፎ ተርፎም ለኑክሌር ኃይል ማመንጫ ውኃ እንደሚያገለግል ይናገራል። ኢትዮጵያና ሩሲያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የኑክሌር ማመንጫን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ከተፈራረሙ ወዲህ ተማሪዎች ስለዚያ ጽሑፍ ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ ግምገማዬን በእሱ ዙሪያ ማድረጉን መርጫለሁ።

ለዕለት ሥራ መሣሪያው የሚያስመሰግን ነው። የቧንቧ ውኃን ከዲስቲልድ ውኃ፣ ጥሩ ዲስቲልድ ውኃን ደግሞ ማፍያው ከቆሸሸበት በቅጽበት ይለያል፤ በ1413 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር መለኪያ ሶሉሽን ከተስተካከለ በኋላም ንባቡ ለሳምንታት ብዙም አይዛነፍም።

ችግሩ የሚጀምረው ውኃው እጅግ ንጹሕ ሲሆን ነው። ፍጹም ንጹሕ ውኃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚኖረው ኮንዳክቲቪቲ 0.055 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን የሚቀርብ ውኃ ከሬዚን ዓምድ (የሟሙ ጨዎችን ከሚይዘው ማጣሪያ) ወደ ቤከር ቀድቼ ፕሮቡን (የመሣሪያውን መለኪያ ዘንግ) ስነክር ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይወጣል፤ ምክንያቱም ውኃው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ካርቦኒክ አሲድነት ያደላል። በባሕር ጠለል ከፍታ ይህ ጭማሪ 1 ማይክሮ ሲመንስ አካባቢ ሲደርስ ይረጋጋል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ብርሃን አየሩ ስስ በመሆኑ በስሌት ወደ 0.8 ዝቅ ይላል። በሌላ አነጋገር፣ ክፍት ቤከር ውስጥ ያለን እጅግ ንጹሕ ውኃ የሚለካ ሰው እየለካ ያለው የክፍሉን አየር ነው። ለዚህም ነው በኃይል ማመንጫዎች ናሙናው አየር ሳያገኘው በቱቦ እየፈሰሰ በመለኪያው ውስጥ እንዲያልፍ የሚደረገው። እኔም የፕሮቡን ልክ የሆነ የፍሰት ማቀፊያ አሠርቼ ከሬዚኑ ዓምድ መውጫ ጋር ካገናኘሁት በኋላ ነው ቁጥሩ ከ0.1 በታች ረግቶ የቆመልኝ።

ከዚያ የባሰውን ያየሁት በውርጭ ወራት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ላብራቶሪያችን ውስጥ ውኃው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ፣ መሣሪያው አንዳንዴ 0.03 ያነብባል። ወደ 25 ዲግሪ ተመልሶ የተሰላ ንባብ ከ0.055 በታች ሊሆን ስለማይችል፣ ይህ ከንጹሕ ውኃ የበለጠ ንጹሕ ውኃ አለ እንደ ማለት ነው። ስሕተቱ ያለው በሙቀት ማካካሻው (ንባቡን ወደ 25 ዲግሪ በሚመልሰው ስሌት) ላይ ነው፤ መሣሪያው ለአንድ ዲግሪ ለውጥ 2 በመቶ ብሎ ያሰላል። ይህ ጨው ላለበት ተራ ውኃ ይስማማል፤ የንጹሕ ውኃ ለውጥ ግን በ25 ዲግሪ አካባቢ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ውኃውን ከሆነው በላይ ንጹሕ አስመስሎ ያሳያል፤ ለንጽሕና መለኪያ ከዚህ የከፋ አቅጣጫ ያለው ስሕተት የለም። መፍትሔው ማካካሻውን አጥፍቶ ንባቡን ከንጹሕ ውኃ የሙቀት ሠንጠረዥ ጋር ማነጻጸር ነው፤ በ10 ዲግሪ ንጹሕ ውኃ የሚያሳየው 0.023 ገደማ ነው።

እንግዲህ ወደ ካርቶኑ ቃል እንመለስ። ውኃው ሪአክተሩ ውስጥ በሚፈላባቸው ጣቢያዎች ኮንዳክቲቪቲ በእርግጥ ዋና መለኪያ ነው፤ በደንብ በሚተዳደሩት ዘንድ ንባቡ ወደ 0.1 ማይክሮ ሲመንስ ይጠጋል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በእነዚህ ጣቢያዎች የስቴንለስ ስቲል ቧንቧዎች ላይ ዝገትና ውጥረት ተባብረው ያደረሱት መሰነጣጠቅ ነው ቁጥጥሩን ያጠበቀው። በግፊት ውኃ ሪአክተሮች (ውኃው በከፍተኛ ግፊት ሳይፈላ በሚቆይባቸው) ግን ነገሩ ይለያል። የኑክሌር ምላሹን ለመግታት ቦሪክ አሲድ ሆን ተብሎ ይጨመራል፤ አሲድነቱን ለማለዘብ በምዕራባውያኑ ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሩሲያ ሠራሽ በሆኑት ቪቪኢአር ሪአክተሮች ደግሞ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና አሞኒያ ይገባሉ። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ኮንዳክቲቪቲ ስለ ንጽሕና ብዙ አይናገርም፤ በቢሊዮን እጅ ጥቂት እጆች ብቻ የሆነ ክሎራይድና ሰልፌት በአዮን ክሮማቶግራፊ (አዮኖችን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የሟሙ ቅንጣቶችን፣ በየዓይነታቸው በሚለይ ዘዴ) ተለይቶ ይለካል። በእንፋሎት ማመንጫው በኩል ያለው ዘዴ ይበልጥ ያስደስተኛል፤ ናሙናው በአሲድ መልክ ባለ ሬዚን ሲያልፍ አሞኒያው ተይዞ ይቀራል፣ የጨው ሶዲየምም በሃይድሮጅን አዮን ይተካል። ሃይድሮጅን ከሶዲየም 7 እጥፍ ያህል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የተደበቀው ጨው ጎልቶ ይወጣል። ሲሊካ ግን ከዚህም ያመልጣል፤ ወደ አዮንነት እምብዛም ስለማይለወጥ ሞሊብዴት ከሚባል ኬሚካል ጋር በሚሰጠው ቀለም ነው የሚለካው።

ስለዚህ የካርቶኑን ቃል አልቀበልም። ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለባትሪ ውኃ አዘጋጆች መሣሪያውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ግን ሲገዙ የፕሮቡን ቋሚ ቁጥር (ሴል ኮንስታንት፣ በኤሌክትሮዶቹ ርቀትና ስፋት የሚወሰነውን) ይጠይቁ። አብሮት የሚመጣው 1.0 ሲሆን ለንጹሕ ውኃ የሚሻለው 0.1 ለብቻው ይሸጣል። መለኪያ ሶሉሽኑም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ፣ ከ1413ቱ ጋር የ84ቱንም አብሮ ማስመጣት ያዋጣል፤ ከዚያ ዝቅ ያለው ግን ጠርሙሱ በተከፈተ ማግስት አየር ስለሚያበላሸው ገንዘብ ማባከን ነው።