በባሕር ዳር ያለ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ማማከሪያ ሲገመገም

ልጃችን ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እንድታመለክት ያገዛት፣ ከጣና ዳር ብዙም የማይርቀው ማማከሪያ ቢሮ አገልግሎቱ በአመዛኙ የሚመሰገን ነው። አማካሪው አማካይ ውጤቷን ብቻ ከመመልከት ይልቅ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሒሳብና በፊዚክስ ያሳየችውን እድገት ለይቶ ማመልከቻዋን በዚያ ላይ አዋቅሮታል።

ከሁሉ የወደድኩት ቀድሞ የማመልከትን አማራጮች ያብራራበትን መንገድ ነው። «ኧርሊ ዲሲዥን» ተቀባይነት ያገኘን ተማሪ ሌሎች ማመልከቻዎቹን እንዲያነሳ የሚያስገድድ ሲሆን፣ «ኧርሊ አክሽን» ግን መልሱን ቀድሞ ሰጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሚያዝያ 23 ድረስ ለማወዳደር ፋታ ይሰጣል። የሁለቱም ማመልከቻ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ገደማ ስለሆነ፣ ለኤስኤቲ (ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ የሚወሰድ ፈተና) የሚደረገው ዝግጅት ከክረምቱ በፊት መጀመር ይኖርበታል።

ደካማው ጎን የገንዘብ ጉዳይ ነው። አስገዳጁ አማራጭ የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችን የድጋፍ መጠን የማነጻጸር ዕድልን እንደሚያሳጣ፣ በአንጻሩ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የውጭ አገር አመልካቾችንም ጭምር የመክፈል አቅማቸውን ሳያይ እንደሚቀበልና አስገዳጅ ያልሆነ ቀዳሚ ዙር እንዳለው የተነገረን እኛው አጥብቀን ከጠየቅን በኋላ ነው፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ደመወዝተኛ ቤተሰብ ግን ይህ በመጀመሪያው ቀን፣ ክፍያ ከመጠየቁም አስቀድሞ መነገር የነበረበት ነው።