ሉሲኒያ ወይስ ሰስባኒያ? ለበጋ መኖ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ጥር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «በጎቹን ለፋሲካ ላደልብ ነበር፣ ፉርሽካው አልቀመስ አለ፤ ምን ልግዛ?» ከኮምቦልቻም ከደሴም ይደወላል። መልሴን እዚህ ልጻፈው። ኮምቦልቻና ቃሉ ወረዳ ላላችሁ፣ ሉሲኒያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ትከሉ።

በክረምት ማናቸውም ሳር ይበቃል። ለጋ ሳር ፕሮቲኑ ከመቶ 10 ያልፋል። በጋ ላይ ያው ሳር ደርቆ 5 እና ከዚያ በታች ይገባል። ከ7 በታች ሲወርድ በበጉ ሆድ ውስጥ ሳሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ። በጉ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። የሉሲኒያ ቅጠል ግን ከመቶ 20 እስከ 25 ፕሮቲን አለው። ሥሩ ጠልቆ ውሃ ስለሚያገኝ፣ በበጋ ቢቀንስም እንደ ሳር አይወድቅም። በልግ በቀረ ዓመት ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

አሁን ወደ ዋጋ። ሰው የኩንታል ዋጋ ያወዳድራል፣ እኔ የፕሮቲን ዋጋ ነው የማሰላው። አንድ ኩንታል ፉርሽካ ውስጥ 16 ኪሎ ገደማ ፕሮቲን አለ፤ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ውስጥ 30 ገደማ። ስለዚህ የፋጉሎው ዋጋ የፉርሽካውን እጥፍ እስኪጠጋ ድረስ ርካሹ ፋጉሎ ነው። ድርቆሽ 6 ኪሎ ያህል ቢይዝ ነው። በፉርሽካ ግማሽ ዋጋ ቢሸጥላችሁ እንኳ በፕሮቲን ሲሰላ ይወደዳል። ድርቆሽ ለሆድ መሙያ ግዙ፣ ለማድለቢያ ብላችሁ አትግዙ።

ሌላውን የመኖ ዛፍ፣ ሰስባኒያን፣ የሚወዱ ብዙ ናቸው። ቶሎ ያድጋል፣ በመጀመሪያው ዓመት ይታጨዳል። ግን ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። አጥብቃችሁ ወደ መሬት ከቆረጣችሁት ደግሞ ይደርቃል። ሉሲኒያ በደንብ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል። የችግኙን ዋጋ ለዓመታቱ አካፍሉት፤ ርካሹ ሰስባኒያ ደጋግሞ ያስከፍላችኋል።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ብርዱ ለሉሲኒያ አይመችም። እዚያ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የደጋ መኖ ዛፍ ነው የሚያዋጣው። አንድ ጓደኛዬ ግን ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ተከለው። ሻጩ «የትም ይሆናል» ብሎት ነው። ትሪ ሉሰርን ሥሩ ውሃ ውስጥ መቆም አይችልም። ክረምቱ ሳያልቅ ደረቀ፣ ብሩም ቀረ። ያናድዳል። ችግኝ ስትገዙ አንዱን ከፕላስቲኩ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ከታች ተጠቅልሎ ከሆነ ለሌላው ተውለት።

ከባቲ በኩል የሚመጣው የግራር ፍሬ ጥሩ ነገር ነው። ሳሩ ሲያልቅ እሱ ይደርሳል። ነገር ግን ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ ካልተወቀጠ እንዳለ ከበጉ ይወጣል። የፕሮሶፒስ ፍሬ ተቀላቅሎበት ከሆነ ደግሞ ሳይፈጭ አታብሉ። አፋርን የወረረው ይህ ዛፍ በፋንድያ ነው የሚዛመተው፤ ወደ ማሳችሁ በገዛ ብራችሁ አታምጡት።

ሉሲኒያም ጉዳት አለው። ሚሞሲን የሚባል መርዝ ስላለበት ለፈረስ፣ ለበቅሎ፣ ለአህያና ለዶሮ አትስጡ፤ ፀጉርና ጭራ ያረግፋል። ለበግና ለፍየል ከዕለቱ መኖ ከአንድ ሦስተኛ አይለፍ። ቀሪው የጤፍ ጭድ ወይም የማሽላ አገዳ ይሁን።

ዘንድሮ ለፋሲካ ግን ሉሲኒያ አይደርስላችሁም። ፋጉሎ ግዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ እፍኝ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በትኑት። አሸዋ ከተቀላቀለበት ታች ይዘቅጣል። ሻጋታ የሚሸት ከሆነ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ችግኙን ሐምሌ መጀመሪያ ትከሉ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከፍየል አጥሩት። ካደገ በኋላ ክረምት ሲወጣ፣ ቅጠሉ ሲበዛ እጨዱ። ጥላ ላይ አድርቃችሁ ጆንያ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ለጥርና ለየካቲት ይደርስላችኋል።