ትዊተሩ ደህና ነው፤ ጣጣው ከጀርባው ያለችው ካፓሲተር ናት

ባሕር ዳር ላይ ስፒከር ቤቱ ልሥራ የሚል ሰው አማራጩ ብዙ አይደለም። ገበያው አካባቢ ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ፀሐይ ላይ ስዞር ውዬ ሁለት ዓይነት ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) አገኘሁ። አንዱ ሞንታርቦ ላይ የምናየው ባለ ጥሩምባው ፒዞ ነው። ሌላው 25 ሚሊ ሜትር የሐር ጉልላት ያለው፣ ስም የለሽ የቻይና ዕቃ። ፒዞውን ተዉት። ካፓሲተር (ወፍራሙን ድምፅ አግዶ ቀጭኑን የሚያሳልፍ ዕቃ) እንኳን አይጠይቅም፣ ለሠርግ ድንኳን ይሆናል፣ ሳሎን ውስጥ ማሲንቆ ሲወጣበት ግን ጆሮ ይበሳል። ሐሩን ጥንዱን በ1,800 ብር ወሰድኩ።

ካርቶኑ ላይ "600 ዋት" ይላል። ኧረ ተው! ጉልላቷ የአንድ ብር ሳንቲም እንኳን አታክልም። ሬዞናንሷ (በራሷ ይበልጥ የምትንቀጠቀጥበት ድምፅ) ስንት ኸርዝ ላይ እንደሆነ ሻጩን ብጠይቀው፣ "ወንድሜ፣ ዝም ብለህ ግጠመው፣ ካፓሲተር አለው" አለኝ።

ገጠምኩት። ከጀርባዋ የተበየደችው 2.2 ማይክሮፋራድ ናት፤ በትዊተሩ 8 ኦም ሲሰላ መቁረጫው (ከእሱ በታች ያለው ድምፅ የሚቀነስበት ቦታ) 9,000 ኸርዝ ገደማ ይመጣል። የእኔ ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) ደግሞ 6.5 ኢንች ነው፣ ከ2,500 ኸርዝ ወዲያ ድምፁን እንደ ባትሪ መብራት ፊት ለፊት ብቻ እያጠበበ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ መሐሉ ባዶ ቀረ። ሲምባሉ ጺስ ጺስ ይላል፣ ዘፋኙ ግን ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል።

መጀመሪያ በ4.7 ቀየርኳት። መቁረጫው ወደ 4,200 ወረደ፣ ዘፋኙም ጋቢውን አወለቀ። ግን ካፓሲተር ብቻውን በአንድ ኦክታቭ (ኸርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር) 6 ዲሲቤል ነው የሚቀንሰው፣ ታችኛው ድምፅ እየሾለከ ይገባና ድምፁን ከፍ ስታደርጉ ትዊተሩ ይንጫጫል። ከዚህ በላይ ለመውረድ ሬዞናንሱን ማወቅ ነበረብኝ። ስልኬ ላይ ባለ የቶን መተግበሪያ የድምፁን ኸርዝ ቀስ እያልኩ ከፍ ዝቅ አደረግሁ፣ በተከታታይ አንድ ሬዚስተር አስገባሁ፣ ቮልቱን በቴስተር አየሁ። ርካሽ ቴስተር በዚህ ኸርዝ ላይ ቁጥሩ አይታመንም፣ የት ላይ ከፍ እንደሚል ግን ያሳያል። ከፍ ያለው 1,200 አካባቢ ነው፣ ሬዞናንሱ ያ ነው። የተለመደው ምክር ከሬዞናንሱ ቢያንስ እጥፍ ላይ ቁረጥ ነው፣ እጥፉ 2,400 ስለሆነ 3,000 ላይ መቁረጥ አያሰጋም።

ደስ ያለኝ ያችው 4.7 መልሳ ማገልገሏ ነው። ከትዊተሩ ጋር በትይዩ 0.6 ሚሊ ሄንሪ ኮይል ስትጨምሩባት መቁረጫው 3,000 ላይ ይሆናል፣ ቅነሳውም በአንድ ኦክታቭ 12 ዲሲቤል። ኮይሉን ሱቅ አላገኘሁም። ዲናሞ የሚጠመጥም ጎረቤት 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ሰጠኝና 2.5 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ላይ፣ ወርዱን 2 ሴንቲ አድርጌ፣ 160 ዙር ገደማ ጠመጠምኩ (ቆጠራው ሁለቴ ጠፍቶብኛል፣ ቡና መጣ እየተባለ)። ለዉፈሩም ያው ካፓሲተርና ኮይል ናቸው፣ ቦታ ተቀያይረው። የትዊተሩን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መገልበጥ አትርሱ፣ አለዚያ ልክ 3,000 ላይ የትዊተሩና የዉፈሩ ድምፅ ይጠፋፋል።

አሁን የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ እንኳን ይሰማል። ትዊተሩ ከዉፈሩ ትንሽ ስለሚጮህ 2.2 ኦም በተከታታይ፣ 20 ኦም በትይዩ አስገብቼ 3 ዲሲቤል ያህል አወረድኩት።

በዚህ ዋጋ ዕቃው ያዋጣል፣ ደግሜም እገዛዋለሁ። ሱቁ ግን አያስሞክርም፣ ከከፈላችሁ በኋላ ነው ካርቶኑ የሚከፈተው። ቴስተር ይዛችሁ ሂዱና ከመክፈላችሁ በፊት ካልለካሁ በሉ። ባለ 8 ኦሙ ወደ 6 ማንበብ አለበት። ለወንድሜ ከገዛሁት ጥንድ አንዱ 8 ተብሎ 3 ነው ያነበበው፣ ማለትም ባለ 4 ኦም ነው፤ በዚያችው ካፓሲተር መቁረጫው እጥፍ ይሆናል። ለማስቀየር ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ።